ቤት የሚያበላሸው ውኃ፦ ከእንጦጦ ሥር እስከ ደቻቱ ዳር

ቤት አፈሰሰ ሲባል ቀድመን የምናንጋጥጠው ወደ ጣሪያ ነው። ምስማሩ ላልቶ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ዝጎ ይሆናል እንልና ሰው ጠርተን ሬንጅ እናስቀባለን። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን በሚቀጥለው ሐምሌ ያው እድፍ ኮርኒሱ ላይ ሰፍቶ ይመጣል። ውኃ ቤት ውስጥ የሚገባበት መንገድ እንደ አገሩ አቀማመጥ ይለያያላ። ሽሮ ሜዳ ላይ በጀርባ ግንብ በኩል ይሰርጋል፤ ሰሚት ላይ ወለሉን ከሥር ያነሳል፤ ባሕር ዳር ላይ ከመሬት ወደ ላይ ይወጣል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከተማዋ ሳትረጥብ ከደጋ ተነሥቶ ይደርሳል። ግድግዳ የሚደርቅበት ጊዜም እንዲሁ እንደ አገሩ ነው። የምንከፍለው የጥገና ገንዘብ በየዓመቱ ውኃ የሚበላው፣ ከሲሚንቶው ጥራት ወይም ከባለሙያው እጅ ይልቅ ቦታውንና ወሩን ስለምንስት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች አገሩን በየአቅጣጫው እያየን እንሂድ።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። ከተማዋ የተቆረቆረችው ተዳፋት ላይ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ሲል፣ አቃቂ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ቁጥሩን ጣሪያ ላይ አምጥተን ስናየው ነገሩ ይገለጣል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ 100 ሊትር ውኃ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚወርድ 30 ሚሊ ሜትር ዶፍ ከዚያው ጣሪያ 3,000 ሊትር ያወርዳል፤ ሦስት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተቀብሎ የሚያወርደው አንድ አሸንዳና አንድ ወይም ሁለት ቱቦ ነው።

በዚያ ላይ የአዲስ አበባ ዝናብ በረዶ ያዘለ ነው። በረዶው አሸንዳውን ይሞላል፣ ባሕር ዛፍ ቅጠል የያዘውን የመውረጃ አፍ ይደፍናል፤ ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ወደ ኮርኒስ ይገባል። የቀድሞዎቹ ቤቶች ቆርቆሮ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይዘረጋ ስለነበር አሸንዳው ቢሞላ ትርፉ ግቢ ውስጥ ይወድቅ ነበር። ዛሬ የሚወደደው ጣሪያውን በፓራፔት ሸሽጎ ቤቱን ጠፍጣፋ ማስመሰል ነው። አሸንዳው በፓራፔቱና በቆርቆሮው መካከል ተደብቋል፤ ከመሬት ቆሞ ማንም አያየውም፤ ሲሞላ የሚፈሰው ወደ ሳሎን ነው። ለእኔ ይህ አሠራር የሐምሌን አገር የረሳ አሠራር ነው። ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ያድርግ፤ ፓራፔቱን አስበስቶ የትርፍ ውኃ መውጫ ያውጣለት። ቀዳዳው ከአሸንዳው ከንፈር ዝቅ ማለት አለበት፤ ያኔ መውረጃው ሲደፈን ውኃው ወደ ውጭ ይተፋል፣ ባለቤቱም ከግቢ ሆኖ አይቶ ይነቃል።

ከጣሪያው ወርደን ወደ ተዳፋቱ እንምጣ። በጉለሌ፣ በፈረንሳይ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ብዙ ቤት የተሠራው ኮረብታውን ቆርሶ ነው። የፊቱ ግድግዳ ፀሐይ ያየዋል፤ የጀርባው እስከ ወገቡ ድረስ አፈር ውስጥ ነው። ከላይ ካለው ግቢ የሰረገ ውኃ ያንን ግንብ ተደግፎ ይከርማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የጣሪያ ፍሳሽ ዝናብ ባባራ በቀናት ውስጥ ሲደርቅ፣ የጀርባ ግንብ እርጥበት ግን መስቀል አልፎ እስከ ኅዳር ድረስ ከወለሉ ጀምሮ እንደ ቀበቶ ዞሮ ይታያል። እዚህ ቤት ውስጥ ከውስጥ በኩል ውኃ የማያስገባ የሚባል ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውኃው ከግንቡ ጀርባ እየገፋው ቀለሙን እንደ ቅርፊት ይጥለዋል። መፍትሔው ከውጭ ነው። ከግንቡ ጀርባ ቦይ ይቆፈራል፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበርበታል፣ በጠጠር ይሞላል፣ ወደ ጎን ተዳፍቶ እንዲወጣ ይደረጋል። የግቢ መደገፊያ ግንብ የሚያሠራም በየሜትሩ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ያስቀር፤ ያለ ቀዳዳ የተገነባ ግንብ ውኃ አቁሮ ቆይቶ አንድ የነሐሴ ሌሊት ጎረቤት ላይ ይወድቃል።

ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ወንዞቹ አሉ፦ ቀበና፣ ጊንፍሌ፣ ባንቴይቅጡ፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ። በበጋ ዘለን የምንሻገራቸው ናቸው። እንጦጦ ላይ የወረደው ዶፍ መሐል ከተማ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ከተማው በአስፋልትና በኮንክሪት በተሸፈነ መጠን ደግሞ አፈር ውስጥ የሚገባው እያነሰ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ የሚገባው እየበዛ ሄዷል። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. የወረደው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ በአዲስ አበባ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

ከቦሌ እስከ አቃቂ፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ ለሚ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት የዚህ ዓይነት አፈር የሸፈነው ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየካቲት ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረው መሬት በነሐሴ ተነፍቶ ይገጥማል። በላዩ የተቀመጠ ቤትም አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። የሚከፋው ሁሉም ጎኑ እኩል አለመውጣቱ ነው። ጠፈጠፍ የሚወድቅበት ጎን አብጦ ይነሣል፤ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ በሮች በክረምት አልዘጋ ይላሉ፣ በበጋ ይለቃሉ፤ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ያ ስንጥቅ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት የዝናብ መግቢያ ይሆናል።

በዚህ ሠፈር ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን በሽታውን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው። ሥራው የአፈሩን እርጥበት ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በቤቱ ዙሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ የተዳፋ ንጣፍ ማሠራት፣ የአሸንዳውን ውኃ ከመሠረቱ ርቆ በቱቦ ማውጣት፣ የሚያፈስ የመሬት ውስጥ ቧንቧን ቶሎ መጠገን። ከግድግዳው ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ውኃ መጥምጦ ቤቱን በአንድ ጎን ያሰምጠዋል፤ በየቀኑ ውኃ የሚጠጣ አትክልት ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ገና የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ በተመረጠ ሙሌት ይተካ፤ ውድ ነው፣ ግን ቤት አንዴ ከተነሣ በኋላ ከሚወጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። መረሬ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ማሳው ውኃ እንዳይቋጥር ፈሰስ ያወጣለታል፤ ለጤፍና ለስንዴ ፈሰስ የሚወጣለት መሬት ቦታ ተብሎ ተሸንሽኖ ቤት ሲሠራበት ግን በየአጥሩ ሥር ውኃ መውጫ የሚያስቀር ጥቂት ነው።

አፈሩንና ዝናቡን ካየን ዘንዳ ግድግዳውን እንይ። ጭቃ ቤት በከተማም በገጠርም የብዙው ሕዝብ ቤት ነው፤ ቋሚና ማገሩ ከባሕር ዛፍ፣ ልስኑ ጭድ ተቀላቅሎ ከተቦካ ጭቃ። ጭቃ ውኃ ይፈራል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ጭቃ የጠጣውን ውኃ መልሶ መተንፈስ የሚችል ግድግዳ ነው። በክረምት ይረጥባል፣ በጥቅምት ፀሐይ ይደርቃል፤ በየዓመቱ ሲለቀለቅ ዕድሜው ይረዝማል። የሚሞተው ከታች ነው። ጠፈጠፉ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ እስከ ጉልበት ከፍታ ያለው ልስን ይፈረፈራል፤ ማገሩ ይገለጣል፤ የረጠበውን እንጨት ምስጥና ብስባሴ ተባብረው ይጨርሱታል። ስለዚህ ጭቃ ቤትን የሚያኖሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ከግድግዳው በደንብ የወጣ የቆርቆሮ ክፈፍ።

ታዲያ ገንዘብ ሲገኝ ቀድሞ የሚደረገው ምንድን ነው? ጭቃውን ከውጭ በሲሚንቶ መለሰን። ቤቱ ያምራል፣ ብሎኬት ይመስላል። ሲሚንቶው ግን ከጭቃው ጋር አይያያዝም፤ ጭቃው በእርጥበት ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ የለውም። ሲሚንቶው ቆሞ ሳለ ውስጡ ያለው ጭቃ ቀልጦ ይወርዳል፣ ቋሚዎቹ ይበሰብሳሉ፤ ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ ቀን ልስኑን ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። የኖራና የአሸዋ ልስን፣ ወይም በደንብ የተለቀለቀ ጭቃ ብቻ፣ ከዚህ የተሻለ ይጠብቀዋል። የላሊበላ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ዝናብ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅ ነክ ሽፋን ተቀቡ፤ ሽፋኑ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ስለጎዳው ከዓመታት በኋላ የመጡ የቅርስ ጠጋኞች ሥራቸው እሱን መላጥ ሆነ። ዓለት የጎዳ አሠራር ጭቃ ቤት ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

የሐይቅ ዳር ከተሞች ችግራቸው ዝምተኛ ነው። ባሕር ዳር ከጣና ጠርዝ ላይ፣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ፣ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። የከርሰ ምድር ውኃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው፤ በክረምት መጨረሻ ይበልጥ ይቀርባል። ያኔ ሽንት ቤት ጉድጓድ ዝናብ ሳይገባበት ይሞላል፣ የምድር ቤት ወለል ይረጥባል፣ ግድግዳው ውኃውን እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከጣና ምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ደለል ይዘው ይመጣሉ፤ ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገ ቁጥር ወንዙ ከዳርቻው ይወጣል። ሐዋሳ ደግሞ የተቀመጠችው በገጸ ምድር መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ነው፤ የገባበት ውኃ የሚቀንሰው በዋናነት በትነት ስለሆነ ሁለትና ሦስት የዝናብ ዓመት ሲከታተል ሐይቁ ከፍ ይላል፣ ለመውረድም ዓመታት ይወስድበታል። ከሁሉም የሚያስገርመው በሰቃ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ጨዋማ ሐይቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም አስጨንቋል፤ መሠረት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጨው ይዞ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ግድግዳና መሠረት መካከል እርጥበት የሚቆርጥ ሽፋን ሳያስገባ የሚሠራ ሰው ቤቱን ለዘላለም ውኃ ሲያጠጣ ይኖራል።

ድሬዳዋ ለብቻዋ መታየት አለባት። ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ሞቃት፣ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ የሚዘንብባት ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይመላለስበታል፣ ይገበያይበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደው ዝናብ በዚያ ደረቅ አሸዋ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ሰው በአልጋው ላይ እንደተኛ ነበር የተወሰደው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ትምህርቱ ግን ከግንቡ ይሰፋል፦ በእንዲህ ያለ ከተማ የራስን ሰማይ ማየት አይበቃም፤ ደመናው መታየት ያለበት ደጋው ላይ ነው።

ጥገናውም እዚያ ከአዲስ አበባ ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልስን አልደርቅ ብሎ ያስቸግራል፤ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ደርቆ ያስቸግራል። ትኩሱ ንፋስ ውኃውን ሲነጥቀው ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለሳምንት ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት፣ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ግድ ነው። ከጎርፍ በኋላ ግድግዳው ላይ እንደ አመዳይ የሚወጣው ነጭ ነገር ጨው ነው። በውኃ ማጠብ መልሶ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ መጣል፣ እስኪያቆም ደጋግሞ መጥረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መቀባት።

ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬና ማሻ፣ ወደ ጅማ ስንሻገር በጋ የሚባለው እያጠረ ይሄዳል። ጎሬ አካባቢ በዓመት ሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ለመድረቅ የሚበቃው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ጥቂት ወራት ናቸው። እዚያ የሚያስፈልገው ሰፊ ክፈፍና ከሥር አየር የሚያሳልፍ ወለል ነው። የዶርዜ ሰው በጋሞ ደጋ የሠራው የቀርከሃ ቤት ከእርጥበት ጋር የመኖርን ብልሃት ያሳያል። ቤቱ ሲሠራ እጅግ ረጅም ነው። መሬት የነካው ጫፍ በእርጥበትና በምስጥ ሲበላ የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። መበስበሱ ከመጀመሪያው ታስቦበታል። በተቃራኒው የሐረር ጌ ጋርና የትግራይ ህድሞ የሚባሉት ቤቶች ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ አላቸው፤ ዝናቡ አጭር፣ በጋው ረጅም በሆነበት አገር ይሄ ያዋጣል፤ ጎሬ ላይ አንድ ክረምት አይሻገርም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ብርድ አገር ደግሞ ዝናብ ሳይኖርም ቆርቆሮ ያንጠባጥባል፤ የቤቱ ሙቅ እስትንፋስ ሌሊት የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል። ያ ፍሳሽ መስሎት ቆርቆሮ የሚቀይር ሰው አለ፤ የሚያስፈልገው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ነው።

የደቡቡንና የምሥራቁን ቆላ ወቅት የመሐል አገር ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ቦረናና ሶማሌ ክልል ዝናብ የሚያገኙት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደገና በመስከረም መጨረሻ፣ በጥቅምትና በኅዳር። ቦረና ሁለተኛውን ሀጋያ ይለዋል፣ ሶማሌው ዴይር። አዲስ አበባ በሐምሌ ስትርስ እዚያ ደረቅ ነው። ኤልኒኖ በሚነሣበት ዓመት ደግሞ የሰሜኑ ክረምት ሲሳሳ የደቡብ ምሥራቁ ሁለተኛው ዝናብ ይበረታል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለው በእንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚወጣ የጥንቃቄ ምክር፣ የሪል ስቴት ኩባንያም ይስጠው መሥሪያ ቤት፣ ሞያሌና ጎዴ ሲደርስ ወሩ መቀየር አለበት።

ሰማይ ሳይደምን የሚመጣ ውኃም አለ። በከተማ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቀን ቧንቧ ከፍቶ ያጣ ሰው ሳይዘጋ ይወጣል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሲመጣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሳሎኑ ሐይቅ ይሆናል፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት በኮርኒሷ ትነቃለች። ይህ በጥርም በሚያዝያም የሚደርስ ነው፤ ከማንኛውም ጣሪያ ይልቅ በአንድ ሌሊት ብዙ ያበላሻል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲያውቀውና ከቤት ሲወጣ እንዲዘጋው ማድረግ ነው።

በኮንዶሚኒየም የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት ጠብ የሚጀምረው ከሻወር ቤት ነው። ከመጣላት በፊት ምንጩን መለየት ይቻላል። ውኃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ቆጣሪው ይታይ፤ ከዞረ የሚያፈሰው የግፊት መስመሩ ነው። ካልዞረ የወለሉ ሲፎን በደንብ ይደፈንና ሁለት ጣት ያህል ውኃ ለአንድ ቀን ይቋጠርበት፤ ታች ከታየ ችግሩ ሴራሚኩና ሥሩ ያለው መከላከያ ነው። ሁለቱም ካልሆኑና እድፉ ዝናብ ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ግድግዳው ወይም ጣሪያው ነው፤ ያ ደግሞ የማኅበሩ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትን ከጋራ መጠቀሚያ የሚለየው ለዚህ ነውና ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ጣሪያ ለብቻው ሊያሠራ አይገባም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ያሠሯቸውን ቤቶችም ሳላነሳ አላልፍም። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ እየተለፋ የተሠራ ቤት ተቆልፎ ሲከርም በሐምሌ የጀመረች አንዲት ጠብታ የምትታወቀው በገና ባለቤቱ ሲመጣ ነው። ያኔ ፓርኬው ተነሥቷል፣ ቁም ሣጥኑ ሻግቷል። በረጠበ ነገር ላይ ሻጋታ ለመጀመር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ለዘበኛው የግቢውን ቁልፍ ብቻ ትቶ መሄድ ቤት ማስጠበቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ ገብቶ መስኮት የሚከፍት፣ ኮርኒስ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችን። ደጋማው አገር ቤቱን የሚያሳምረው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ ለእንቁጣጣሽ ነው። ልቡን እረዳለሁ፤ አዲስ ዓመት በአዲስ ቀለም መቀበል ያስደስታል። ግን በዓመቱ ውስጥ ግድግዳው ከምንጊዜውም በላይ ውኃ የጠጣበት ሳምንት ያ ነው። ቀን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ቀለም ቀቢው ስቱኮውን ለጥፎ፣ ሁለት እጅ ቀለም ደርቦ ይሄዳል፤ ግድግዳው የጠጣውን ሊተነፍስ ሲል መውጫው ተዘግቷል፤ ጥቅምት ላይ ቀለሙ ያብጣል፣ ኅዳር ላይ ይላጣል። ባለቤቱ ቀለሙን ይራገማል።

ለአዲስ አበባና ለአካባቢው የሚስማማው ቅደም ተከተል ይህ ነው ብዬ እመክራለሁ። ሐምሌና ነሐሴ የመጠገኛ ሳይሆን የማያ ወራት ይሁኑ፤ ውኃው በየት እንደገባ በጠመኔ ይከበብ፣ በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ በጣም የባሰው በሸራ ይሸፈን። መስከረምና ጥቅምት የመክፈቻ ናቸው፤ ያበጠው ልስን ይራገፍ፣ የረጠበው ቺፑድ ይውረድ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ከግድግዳ ይራቅ፣ ቀትር ላይ መስኮት ይከፈት። ደረቀ አልደረቀም ለማለት እጅ አይታመንም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች አየር እንዳያስገባ አድርጎ ለአንድ ቀንና ሌሊት መለጠፍ ነው። በግድግዳው በኩል ባለው የላስቲክ ፊት ላይ ወዝ ከታየ ውኃው ገና ከውስጥ እየወጣ ነው፤ በውጭ በኩል ከታየ የረጠበው የክፍሉ አየር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ልስን፣ ጥር ቀለምና ጣሪያ። የካቲት ካለፈ በልግ ሊቀድም ይችላል። ግንቦት ላይ አሸንዳ ይጠረግ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ጊዜ ይደገም። ጅማ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ከኅዳር እስከ ጥር አጣቦ መጨረስ አለበት፤ ያቤሎ ያለው ሐምሌና ነሐሴን ለልስን ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ሦስት ነገር ደግሞ አደራ። የረጠበ ክፍል ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት የቤተሰብ ሕይወት ያጠፋል፤ ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም። ውኃ ሶኬት ከደረሰ ደግሞ መጀመሪያ ብሬከሩን በደረቅ እጅ ማጥፋት፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ ማውጣት። ሻጋታን በበረኪና ማጽዳት ሴራሚክ ላይ ይሠራል፤ ጭቃና ቺፑድ ላይ ግን ነጭ አድርጎት ሥሩን ይተወዋል፣ የሻገተው ቺፑድ መጣል አለበት።

ጥገና የማይመልሰው ቦታም አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ውኃ የጠገበው ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበረ ጎረቤታቸውን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ከቤት በላይ ያለ መሬት በቅስት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ዘንበል ሲል፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ሲመነጭ ግንበኛ የሚጠራበት ሰዓት አልፏል፤ ሰው ይውጣ። ወንዝ አፋፍ ላይ ላለ ቤት ልስን የሚያድስ ቤተሰብም ገንዘቡን ለቦታ ለውጥ ቢያጠራቅም ይሻላል፤ ለዚያ ቤተሰብ አቅም ያለው አማራጭ ማቅረብ ግን የከተማ አስተዳደር ግዴታ ነው።

ቤት የምትገዙ ወይም የምትከራዩ ካላችሁ በነሐሴ እዩት። ጊዜው ጥር ከሆነባችሁ አዲስ የተቀባ ግድግዳ አያርካችሁ፤ ልስኑን ከታች በኩል በጣት አንኳኩ፣ የቁም ሣጥኑን ጀርባ እዩ፣ ከዚያም አጠገብ ያለውን የሠፈር ሰው በክረምት ውኃው እስከ የት ድረስ እንደሚቆም ጠይቁት።